በአረንጓዴ ምልክት የተቀባ ግድግዳ

በባሏ ቤተሰብ ዘንድ «ቆይ ቆይ» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በስብሰባ መካከል ሰው ወሬው ሞቅ ባለለት ቁጥር «ቆይ፣ ቆይ» እያለች ታቋርጣለች። እሷም ዝም አላለችውም፤ «ዲጂታል» አለችው። ይህ ቃል የሌለበት ዓረፍተ ነገር ከአፉ ስለማይወጣ ስሙ ወዲያው ተጣበቀበት። እሷ ስሟን ስትሰማ ግንባሯን ትቋጥራለች፤ እሱ ግን የራሱን እንደ ሹመት ቆጥሮ ደረቱን ይነፋል።

ዲጂታል ቀድሞ የሶፋ ነጋዴ ነበር። ክፉ ነጋዴም አልነበረም። ስለ ጨርቅና ስለ ስፖንጅ ሲያወራ ለመግዛት ያላሰበ ሰው እንኳ ቆሞ ያደምጠው ነበር። ጣጣው የመጣው ወሬው ከሶፋው ሲበልጥ ነው። አንድ ቀን ሱቁን ዘጋ፤ ከአንድ ሕንፃ ላይ ሦስት ክፍል ተከራየ፤ በመስታወት በሩ ላይ «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ብሎ አስጻፈ። ሥራ አስፈጻሚ ለመሆን መጀመሪያ የሚፈጸም ሥራ መኖር እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም።

ሥራውን የሠራችው ቆይ ቆይ ናት። ፕሮግራመር ናት፤ ያውም በአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ደህና ቦታ ይዛ የተቀመጠች። ትታ የወጣችው ወዳ አይደለም። አማቷ፣ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ አንድ እሁድ አስቀምጠው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለው ስለተረቱባት ነው። ከሁለቱ አህያው ማን፣ አመዱ ማን እንደሆነ አላብራሩም። እሷም ባሏን ስታይ ባሏ ጣሪያውን አየ። የእናቱን ቃል ተቃውሞ አያውቅም።

እናም ለዲጂታል ድርጅት አንድ የስልክ አፕ ሠራች። የቤቱ ቧንቧ የፈነዳበት፣ መብራቱ የተበላሸበት ወይም ግድግዳው የተላጠበት ሰው ስልኩን ከፍቶ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያው ይመጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ሰውየው እጅ በእጅ ይከፍለዋል። ቀላል ነገር ነው፤ ስለሚሠራ ደግሞ ማንም አያወራለትም። ቧንቧ ሠሪዎቹና ኤሌክትሪሻኖቹ ለምደውት ነበር። እሷም ለምዳው ነበር።

አንድ ቀን ዲጂታል ከአንድ ኤግዚቢሽን ተመለሰ። እዚያ አንድ ጎረምሳ በስልኩ ነካ አድርጎ ጭማቂ ሲገዛ አይቷል። ቢሮ የገባው አዲስ እምነት እንደተቀበለ ሰው ፊቱ እያበራ ነበር። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ጥሬ ገንዘብ የሚባል ነገር እንደማይነሳ፣ በካርድም በሞባይልም ካልሆነ ክፍያ እንደማይኖር ለሁሉም አወጀ።

ነገሩ፣ ሐሳቡ ልክ ነበር። ቆይ ቆይን ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ሰውየው ከስንት አንዴ ልክ ሲሆን እንኳ ልክ የሆነበትን ምክንያት አያውቀውም። ባለሙያዎቹ የቀን ገቢያቸውን በኪሳቸው ይዘው መዞር ሰልችቷቸዋል። ደንበኛው ሥራው ካለቀ በኋላ «ዝርዝር የለኝም» ይላል። እሷም ራሷ ልታነሳው ትፈልግ የነበረ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ያን ቀን አላቋረጠችውም። ሦስት ወር ስጠኝ አለችው፤ ለምን ሦስት ወር እንደሚያስፈልግም በነጭ ሰሌዳው ላይ እየሣለች አስረዳችው።

ደንበኛው «ክፈል» የሚለውን ሲጫን ገንዘቡን የምንወስደው እኛ አይደለንም፤ የክፍያ ድርጅቱን ነው የምንጠይቀው። ድርጅቱ ወደ ሰውየው ስልክ የሚስጥር ቁጥር ጥያቄ ይልካል። ሰውየው ካስገባ፣ ገንዘብም ካለው፣ ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ለእኛ «ተከፍሏል» የሚል ቃል ይልክልናል። ያ ቃል እስኪደርሰን ድረስ ሰውየው ከፈለም አንልም፣ አልከፈለም አንልም። ቃሉ ሊዘገይ ይችላል። መሐል ላይ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። ሰው ቸኩሎ ሁለት ጊዜ ሊጫን ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ልናስከፍለው አይገባም። ገንዘቡ ወጥቶ ቃሉ መንገድ ላይ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ሦስቱ ወር ለነዚህ ነው እንጂ ቁልፏን ለመሣልማ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ዲጂታል ይህን ሁሉ ሰሌዳውን ሳይሆን ስልኩን እያየ ሰማ። ስትጨርስ «ደንበኛ መጠበቅ አይወድም» አለ፤ በሳምንቱ አማካሪ ይዞ መጣ።

አማካሪው ቁርጭምጭሚቱ የሚታይ ሱሪ የለበሰ፣ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነበር። ከየት እንደመጣ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፤ የት የት እንደሠራ ግን ራሱ ደጋግሞ ይናገር ነበር። በስብሰባው ላይ ስለ ወደፊቱ ዘመን አወራ፤ ስለ ፍጥነት አወራ፤ ሰው ከማሰቡ በፊት ክፍያው ማለቅ እንዳለበት አወራ። በመጨረሻ ሥራው የአንድ ሳምንት ነው አለ። ዲጂታል ወደ ቆይ ቆይ ዞር ብሎ ፈገግ አለ።

እሷም አለች፦ «ይህ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ነግሮን ጨርሷል። ከሰላምታው በኋላ የጨመረው ነገር የለም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዱ ብዕሩን አፉ ውስጥ አስገባ። ከንግግሯ በኋላ ስለ ክፍያው ድርጅት፣ ስለ ቃሉ መዘግየት፣ ሁለት ጊዜ ስለ መጫን ያነሳችውን ማንም አልሰማትም፤ ሁሉም ያስታወሰው ስድቧን ነው። አማካሪው የተጎዳ ሰው ፊት አሳየ። ሳምንት ሳይሞላ የክፍያው ሥራ ለእሱ ተሰጠ፤ እሷ ደግሞ የእርዳታ ጽሑፎችን እንድትጽፍ ተመደበች፤ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚቀየር፣ ፎቶ እንዴት እንደሚሰቀል።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ስለሚውል ቤት ሲገባ ብዙ አያወራም። ሳህን እያደራረቀ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ልክ ነሽ» አላት። «ግን ሰው እንዳይሰማሽ አድርገሽ ነው የምትናገሪው።»

ነደዳት። ለሁለት ቀን አላናገረችውም። ያናደዳት ደግሞ እውነት መሆኑ ነው።

ምርቃቱ በኪራይ አዳራሽ ተደረገ። አበባ ነበር፤ የሚቆረጥ ሪባን ነበር፤ ሪባኑን የያዙት ሁለት ሴቶች ለምን እንደያዙት የነገራቸው የለም። አዳራሹ ከመኝታ ክፍል ብዙ ባይበልጥም ዲጂታል ጉንጩ ላይ የምትለጠፍ ማይክሮፎን አድርጎ ከዳር እዳር ይመላለስ ነበር። ስለ አብዮት ተናገረ። ከዚያ ስልኩን አወጣና «ክፈል» የሚለውን ተጫነ። በትልቁ ስክሪን ላይ ወዲያው አንድ ትልቅ አረንጓዴ ምልክት ብቅ አለ፤ በዙሪያው ቀለማም ወረቀት እንደመበተን የሚል ነገርም ነበረው። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። አማካሪው እጁን ልቡ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ።

ቆይ ቆይ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ምልክቱ ከልክ በላይ መፍጠኑን አስተውላለች። ለትርኢት ነው ብላ አሰበች። ለትርኢት የሚታይ ነገር ሁሉ ከውስጡ በካርቶን የተደገፈ ነው፤ ይህን በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲሁ ለሕዝብ ይለቁታል ብላ ግን አልጠረጠረችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የተመነጠሩት ግን እሷና ዲጂታል አልነበሩም።

ከምርቃቱ በኋላ ቢሮው በዓል በዓል ሸተተ። ዲጂታል አረንጓዴ ምልክቶቹ በተጨመሩ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ የሚልበት ስክሪን ግድግዳው ላይ አሰቀለ። ባለሙያዎቹ ክፍያቸው ተጠራቅሞ በወሩ መጨረሻ እንደሚገባላቸው ተነገራቸው፤ አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው ተባሉ። አንዳንዱ አጉረመረመ። «ከዘመኑ ጋር ለመሄድ ትዕግሥት ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ተላከላቸው። የድርጅቱን የባንክ ሂሳብ የሚከታተለው ዲጂታል ራሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚከታተለው ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን ነበር።

በዚሁ መሐል አማቷ ሳሎናቸውን ለማስቀባት ወሰኑ። ልጃቸው በሠራው አፕ ቀለም ቀቢ ጠሩ። የመጣው ሰው ጎልማሳ፣ ዝምተኛና ጥንቁቅ ነበር። አማቷ ቀለሙን ሦስት ጊዜ አስቀየሩት፤ መጀመሪያ «ሆስፒታል መሰለ»፣ ቀጥሎ «እርጎ መሰለ»፣ ቀጥሎ ደግሞ መጀመሪያ የነበረው ይሻላል አሉ። ሰውየው እንዳሉት ቀባ። ሲጨርስ ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም። አማቷ መነጽራቸውን አድርገው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ከፈሉ። አረንጓዴው ምልክት ወጣ። ወዲያው ልጃቸው ጋ ደውለው መረቁት።

ወሩ አልቆ ቀናት ሲጨመሩበት ቀለም ቀቢው በራቸው ላይ ቆመ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «የዚያ ሥራ ክፍያ አልገባልኝም።»

አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንም በራቸው ቆሞ ገንዘቤን አምጪ ብሏቸው አያውቅም። ደማቸው ፈላ። ስልካቸውን አመጡና ምልክቱን አሳዩት። ሰውየው አክብሮ አየላቸው።

«ምልክቱን እኔም አይቼዋለሁ፣ እናቴ። ሱቅ ወስጄ ባሳያቸው ግን ምንም አልሸጡልኝም።»

ሴትዮዋ መልስ ሲያጡ መቆጣት የሚያቆሙ ሰው ናቸው፤ ይህ ከልጃቸው የሚለያቸው ነገር ነው። ሰውየውን አስገብተው አስቀመጡት። ልጃቸውን ቢጠሩት ምን እንደሚላቸው ስለሚያውቁ የደወሉት ለምራታቸው ነው።

ቆይ ቆይ ከቢሮ በቀጥታ መጣች። ሳሎኑ ገና ቀለም ቀለም ይላል። ቀለም ቀቢው ሶፋውን ላለማቆሸሽ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ይዟል። የአማቷን ስልክ ተቀብላ የሞባይል ገንዘባቸውን ከፈተችው። አንዲት ሳንቲም አልጎደለም።

«ታዲያ ምንድን ነው የከፈልኩት?» አሉ አማቷ።

«የሚስጥር ቁጥር ጠይቆዎት ነበር?»

«አልጠየቀኝም። የባለቤቱ እናት መሆኔን አውቆ መስሎኝ።»

ቆይ ቆይ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አማካሪው የጻፈውን ማንበብ ጀመረች። ብዙ አልፈጀባትም። የክፍያ ድርጅቶች ፕሮግራመሮች እንዲለማመዱበት የሚሰጡት የሙከራ መስመር አለ፤ በዚያ መስመር ላይ የሚንቀሳቀሰው የውሸት ገንዘብ ነው፤ ከማንም አይቀነስም፣ ለማንም አይደርስም። ሥራው ሲያልቅ የሙከራው መለያ ወጥቶ እውነተኛው መግባት አለበት። አማካሪው አልቀየረውም። ቢቀይረውም ዋጋ አልነበረውም፤ አረንጓዴው ምልክት ከክፍያ ድርጅቱ ቃል እስኪመጣ እንዳይጠብቅ ተደርጎ ተጽፏል። ቁልፏ ስትነካ ምልክቱ ይወጣል፤ በቃ።

አማቷ ሊገባቸው ስላልቻለ በተግባር አሳየቻቸው። ቀለም ቀቢው ስልኩን እንዲያውሳት ጠየቀችው። ያለው ገንዘብ ለታክሲ እንኳ አይበቃም ነበር። በእሱ ስልክ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከውጭ ከውስጥ የሚቀባ ባለሙያ አዘዘችና «ክፈል» የሚለውን ተጫነች። አረንጓዴው ምልክት ከነቀለማም ወረቀቱ ወጣ።

ቀለም ቀቢው ስክሪኑን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ በዝግታ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ።

ዲጂታል ተጠራ። ነጭ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ገባ። የተቀመጡትን ሰዎች ሲያይ ማዞሩን ተወው። መጀመሪያ ባለሙያዎች የትዕግሥት ችግር አለባቸው አለ። ቆይ ቆይ ኮዱን ስታሳየው ደንበኞቹ ናቸው ያጭበረበሩን አለ። ደንበኛ ያልተጠየቀውን ሊከፍል እንደማይችል ስትነግረው ሲስተሙ ነው አለ። ለአማካሪው ደወለ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ሦስተኛ ሲሞክር ተዘግቷል። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ እናቱ ዞረና ኔትወርክ ነው አለ።

«ቁጭ በል» አሉት እናቱ። ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለስንት ልጅ ብለውታል። ተቀመጠ።

«እንደዚህ ሰው ሠርተው ያልተከፈላቸው ስንት ናቸው?»

አያውቅም ነበር። ወደ ቆይ ቆይ አየ። ከሁለት መቶ በላይ ናቸው አለች።

«መኪናህን ሽጥ።»

«እማዬ፣ ነገሩ እንደሱ አይደለም። የድርጅቱ ገጽታ አለ፣ ሰው ምን ይላል…»

«ገጽታህን ይሄ ሰው ይቀባልሃል። መጀመሪያ ግን ክፈለው።»

ቆይ ቆይ ለዚህች ሰዓት ስትዘጋጅ የከረመች ናት። የእርዳታ ጽሑፍ እየጻፈች፣ አውቶቡስ ላይ ቆማ፣ ሳህን እያጠበች ያጠራቀመችው ቃል አለ፤ አንዱ ከአንዱ የሚብስ። ሰሌዳ ላይ ስሥልልህ ስልክህን ታይ ነበር ልትለው ነበር። ሶፋ እንኳ ከመሸጡ በፊት ይቀመጡበታል ልትለው ነበር። ነገር ግን ቀለም ቀቢው እዚያው ነበር፤ የቤተሰብ ጠብ መሐል የተገኘ እንግዳ እንደሚያደርገው አዲስ የቀባውን ግድግዳ ትኩር ብሎ እያየ። ወሩን ሙሉ ምን በልቶ እንደከረመ አላወቀችም። እሷ ከጭብጨባው ጀርባ ተቀምጣ ስትንቅ ይህ ሰው ሥራ ላይ ነበር። አፏ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ ጣዕሙ ጠፋባት። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለደንበኞቹ እውነቱን ጽፈን እንጠይቃቸው፣ ሰው እውነቱ ሲነገረው ይከፍላል።

ዲጂታል ያዘጋጀው መልእክት «አገልግሎታችንን ይበልጥ ለማዘመን» ብሎ ይጀምር ነበር። እሷ ሰርዛ እንዲህ ብላ ጻፈችው፦ «የከፈሉ መስሎዎታል፤ አልከፈሉም። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ብዙው ሰው ከፈለ። አንዳንዱ ይቅርታ ጠይቆ ከፈለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት ባይኖርም። አሻፈረኝ ያሉት እንደተለመደው ችግር ያለባቸው አልነበሩም። አንድ ሙሉ ሕንፃ ያለው ሰውዬ፣ አሥራ ስምንት መጸዳጃ ቤት ያስጠገነ፣ የአረንጓዴውን ምልክት ፎቶ ልኮ «ማስረጃ አለኝ» አለ። ቧንቧ ሠሪውን ደግሞ ሥራው ሲያልቅ እንኳ አላመሰገነውም ነበር። እንዲህ ያሉት ያስቀሩት በመኪናው ዋጋ ተሸፈነ። ዲጂታል ከዚያ በኋላ ታክሲ መሳፈር ጀመረ፤ ለምን ሲሉት ስለ አየር ብክለት ያስረዳል።

ቆይ ቆይ ወደ ክፍያው ሥራ ተመለሰች፤ ሦስት ወር ሳይሆን ከዚያ በላይ ፈጀባት፣ አማካሪው የተወውን ማጽዳቱም ተጨምሮ። አሁን ሰው «ክፈል» ብሎ ሲጫን መጀመሪያ የሚያየው ትንሽ ግራጫ ክብ ነው፤ ከሥሩ «ማረጋገጫ እየጠበቅን ነው» ይላል። ዲጂታል ይህችን ክብ ከልቡ ጠላት። ሰውን ተስፋ ታስቆርጣለች አለ፤ አረንጓዴ እንድትሆን ለመነ። አልሆነችም። ደንበኞችም መጀመሪያ ሰሞን አማርረው ነበር፤ ኋላ ግን ክቧ እስክትጠፋ ስልካቸውን ይዘው መቆምን ለመዱት። ባለሙያው ክፍያው በዕለቱ ይገባለታል። ሁለት ጊዜ የተጫነ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ይህን ሁሉ ስትጨርስ ማንም አዳራሽ አልተከራየም።

አንድ ጠዋት ቁርስ እየሠራች ሬዲዮ ላይ የዲጂታልን ድምፅ ሰማች። ስለ ክፍያ ደኅንነት ይጠየቃል። መልእክቱ ከክፍያ ድርጅቱ ሳይመጣ «ተከፈለ» ማለት ትልቅ ስህተት እንደሆነ፣ ይህን ከመጀመሪያው አስቦበት እንደነበር፣ መጠበቅ ራሱ የዲጂታል ባህል እንደሆነ በሚያምር ድምፅ አብራራ። ጋዜጠኛው አደነቀው። ባሏ ሻዩን አስቀምጦ ፊቷን በስጋት ሰረቅ አድርጎ አየ። እሷ እንቁላሉን ገለበጠች። ሰውየው ውሸቱን ራሱ አምኖታል፤ ያመነውን ሰው ደግሞ ምን ይሉታል።

መልቀቂያዋን ያስገባችው ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ሳይሆን ለአማቷ ነው። አሮጊቷ ወረቀቱን መነጽር አድርገው አነበቡ፤ አንድ ፊደል አረሙ፤ ወረቀቱን አጣጠፉት። ልጃቸው በመኪናው ምትክ አዲስ ሐሳብ ይዞ እንደሚዞር፣ ሐሳቡም ዕቃ በአየር የሚያደርስ ድሮን እንደሆነ ነገሯት። ከዚያ፣ ያኔ በአህያ ተረት ከኢንሹራንስ ቢሮ ያስወጧት እሳቸው መሆናቸውን አስታወሱና፣ «ይሁን፣ ሂጂ» አሏት። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ይቅርታ ነው።

አሁን የምትሠራው የውሃ ክፍያ የሚሰበሰብበት አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ሰው የወር ሂሳቡን በስልኩ የሚከፍልበትን ክፍል ትጽፋለች። ወንበሩ ያንቋቋል፤ መስኮቱ አይከፈትም፤ ስለ አብዮት የሚያወራም የለም። የሥራ ባልደረቦቿ ትሑት፣ ሰው የምታዳምጥ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት ይሏታል። ገና ሁለተኛ ወሯ ነው።